ምዕራፍ ስድስት፦ ሕግና ፋይናንስን አጣምሮ መማር

ኢትዮጵያ በኅዳር 2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም አቀፉ የቦንድ ገበያ ወጥታ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። የብድሩ ዕድሜ 10 ዓመት፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ሲሆን የሚከፈለውም በየስድስት ወሩ ነበር። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የአንዱ ዙር ወለድ መክፈያ ቀን ደረሰ፤ አልተከፈለም። ውሉ የሰጠው የ14 ቀን የእፎይታ ጊዜም አለፈ። አገሪቱ ዕዳቸውን በቀኑ ካልከፈሉት ተርታ ተመዘገበች።

አንድ የፋይናንስና አንድ የሕግ ባለሙያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይህን ዜና ቢሰሙ የሚያነሡት ጥያቄ ለየቅል ነው። የፋይናንሱ ሰው መጀመሪያ ካልኩሌተሩን ያነሣል። የ1 ቢሊዮን ዶላር 6.625 በመቶ 66.25 ሚሊዮን ነው፤ የስድስት ወሩ ግማሹ፣ 33.125 ሚሊዮን ይሆናል። ቀጥሎ ቦንዱ ዛሬ በገበያ ስንት ያወጣል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚደርሰው ዋናው ገንዘብስ ከየት ይመጣል፣ አበዳሪው ከዕዳው ስንቱን ቢተው ያዋጣዋል እያለ ያሰላል። የሕጉ ሰው ደግሞ ውሉን አምጡልኝ ይላል። ግዴታን ስላለመወጣት የሚናገረው አንቀጽ ምን ይላል? አንድ የቦንድ ባለቤት ለብቻው መክሰስ ይችላል ወይስ የተወሰነ ድርሻ ያላቸው ሰዎች መስማማት አለባቸው? አብዛኞቹ በአዲስ የአከፋፈል ውል ቢስማሙ እምቢ ያሉትን ጥቂቶች ያስገድዳቸዋል? ክርክሩ የሚታየውስ በየትኛው አገር ሕግ ነው? ድንበር ተሻጋሪ የመንግሥት ቦንዶች አብዛኛውን ጊዜ የኒው ዮርክን ወይም የእንግሊዝን ሕግ ስለሚመርጡ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

መንግሥት ላለመክፈሉ የሰጠው ምክንያት ደግሞ ለሁለቱም የሚያስቸግር ነበር። አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ሲባል ነው አለ። አበዳሪ መንግሥታት ከጥቂት ሳምንታት በፊት የዕዳ ክፍያ ለጊዜው እንዲቆም ተስማምተው ነበር። እነሱ በታገሡበት ወቅት ለግል አበዳሪዎች ሙሉ ወለድ መክፈል በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የሚካሄደውን የዕዳ ሽግሽግ ድርድር ያውካል። ነገሩን በቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ለአንድ አገር 33 ሚሊዮን ዶላር ምን ያህል ይከብዳል?» ብሎ ይገረማል። በአንቀጽ ብቻ ያየው ደግሞ «ውሉ ፈርሷል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። የሆነውን በትክክል ለመረዳት ሁለቱንም ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ሕግንና ፋይናንስን አጣምረው የሚያስተምሩ የድኅረ ምረቃ መርሐ ግብሮች የታሰቡት እንዲህ ያለውን ሰው ለማፍራት ነው። በዚህ ምዕራፍ ትምህርቱ ከየት እንደመጣ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመትና ስንት ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ለማን እንደሚበጅና ለማን እንደማይበጅ እናያለን።

ሁለቱ ትምህርቶች የት ተገናኙ?

ሕግ የሚማር ሰው ለረጅም ዘመን ውል የሚያውቀው በክርክር ነበር። ውል ፈረሰ፣ ተካሰሱ፣ ዳኛ ወሰነ። የፋይናንስ ተማሪ ደግሞ ውሉን እንደተጠበቀ ቆጥሮ ገንዘቡን ያሰላ ነበር። ይህን ልማድ መጀመሪያ ያናጉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ናቸው። ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ። ገበያ ካለ ድርጅት ለምን ያስፈልጋል? መልሳቸው መገበያየት ራሱ ወጪ አለው የሚል ነበር። ዋጋ መፈለግ፣ መደራደር፣ ውል መጻፍና ማስፈጸም ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ ድርጅት የሚቋቋመው ይህን ወጪ ለመቀነስ ነው። ኮዝ በዚህና እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ መነሻነት በ1991 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1976 ማይክል ጄንሰንና ዊልያም ሜክሊንግ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ የሰውን ገንዘብ ሲያስተዳድር ስለሚፈጠረው የጥቅም ግጭት ጻፉ። የባለአክሲዮን ድምፅ፣ የቦርድ ቁጥጥር፣ የኦዲት ግዴታ፣ የሥራ አስኪያጅ ጉርሻ፣ በሕግ መጽሐፍ ተበታትነው የነበሩት እነዚህ ሁሉ ድንገት የገንዘብ ጥያቄ ሆኑ።

ለጠበቆች ግን ነገሩን ፊት ለፊት ያመጡት የሕግ ፕሮፌሰሩ ሮናልድ ጊልሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 በየል የሕግ ጆርናል ላይ ባወጡት ጽሑፍ የንግድ ጠበቃ በአንድ ግብይት ላይ የሚጨምረው ዋጋ ምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ኩባንያ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ለጠበቃ ብዙ ይከፍላሉ። ጠበቃው ወረቀት ከማብዛት በቀር የሚሠራው ከሌለ ሁለቱም እየከሰሩ ነው ማለት ነው። ጊልሰን ጥሩ የንግድ ጠበቃን የግብይት ወጪ መሐንዲስ አሉት። ሻጭና ገዢ መረጃቸው ሲለያይ፣ ስለነገ የሚገምቱት ሳይገጥም ሲቀር፣ አንዱ ሌላውን ሲጠረጥር የሚጠፋውን ዋጋ በውል አንቀጽ የሚያድን ሰው ነው። የዛሬው ጥምር ትምህርት ዋና ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ላ ፖርታ፣ ሎፔዝ ዴ ሲላኔስ፣ ሽላይፈርና ቪሽኒ የተባሉ አራት ተመራማሪዎች የ49 አገሮችን ሕግ አወዳድረው «ሕግና ፋይናንስ» የሚል ጥናት አሳተሙ። የባለአክሲዮንና የአበዳሪ ጥበቃ ከአገር አገር እንደሚለያይ፣ ልዩነቱም ሕጉ ከእንግሊዝ ወይም ከፈረንሳይ ወግ ከመቀዳቱ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። በእነሱ መለኪያ ከፈረንሳይ ወግ የተቀዱት ሕጎች ለባለሀብት የሚሰጡት ጥበቃ ደካማው ሆነ። ጥናቱ ብዙ ደጋፊም ብዙ ተቺም አገኘ፤ ወረቀት ላይ ያለ ሕግና በፍርድ ቤት የሚሠራ ሕግ አንድ አይደሉም ያሉት ጥቂት አይደሉም። ለእኛ ግን ነገሩ ባዕድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ ያረቀቁት ዣን ኤስካራና ሥራውን የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈረንሳውያን የሕግ ሊቃውንት ነበሩ። ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 እስኪተካ ድረስ 60 ዓመት ያህል ሠርቷል።

ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ምሳሌ

የጥምር ትምህርቱን ጣዕም ለመቅመስ በእንዲህ ያለ ክፍል ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱን እንሥራ። ምሳሌው የታሰበ ነው። አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ሊሸጥ ነው። ሻጩ 100 ሚሊዮን ብር ካልተከፈለኝ አልሸጥም ይላል። ገዢው ከ90 ሚሊዮን አላልፍም ይላል። የጸባቸው ምንጭ የነገው ትርፍ ነው። ሻጩ አዲስ የተተከለው ማሽን በሁለት ዓመት ውስጥ ትርፉን እንደሚያሳድገው አይጠራጠርም፤ ገዢው ይጠራጠራል።

ልማዱ መሀል ላይ መገናኘት ነው፤ «በ95 ጨርሱት» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። በ95 ግን ሁለቱም ቅር ይላቸዋል፤ ምናልባትም አይጨርሱም። ሌላ መንገድ አለ። ገዢው ዛሬ 80 ሚሊዮን ይክፈል፤ ፋብሪካው በሁለት ዓመት ውስጥ የተወሰነ የትርፍ መጠን ላይ ከደረሰ 30 ሚሊዮን ይጨምር፤ ካልደረሰ አይጨምር።

አሁን እናስላ። ሻጩ ትርፉ እዚያ የመድረስ ዕድሉ 80 በመቶ ነው ብሎ ያምናል እንበል። የ30 ሚሊዮን 80 በመቶ 24 ሚሊዮን ነው፤ ከ80 ጋር 104 ሚሊዮን ይሆንለታል። ከጠየቀው 100 ይበልጣል። ገዢው ደግሞ ዕድሉ 30 በመቶ ብቻ ነው ይላል። የ30 ሚሊዮን 30 በመቶ 9 ሚሊዮን ነው፤ ከ80 ጋር 89 ሚሊዮን። ከጣሪያው ከ90 ያንሳል። የነገን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ የሚባለውን ስሌት ለጊዜው ብንተወው፣ ሁለቱም ከጠየቁት የተሻለ አግኝተዋል። ያልተስማሙበት ነገር ራሱ ማስማሚያ ሆነ።

የፋይናንስ ተማሪው እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የሕግ ተማሪው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከሽያጩ በኋላ ፋብሪካውን የሚመራው ማን ነው? ገዢው። ትርፉ ዝቅ ቢል የሚጠቀመውስ? እሱው ገዢው። የሌላ ድርጅቱን ሠራተኞች ደመወዝ በዚህ ፋብሪካ ወጪ ላይ ቢጭን፣ ትልቁን ሽያጭ ከሁለት ዓመቱ ማግስት ቢያስተላልፍ፣ ለራሱ እህት ኩባንያ ውኃውን በርካሽ ቢሸጥ፣ 30 ሚሊዮኑ ይቀርለታል። ስለዚህ ውሉ ትርፍ ማለት ምን እንደሆነ መናገር አለበት። ከታክስ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የማሽን እርጅና ተቀንሶ ነው ወይስ ሳይቀነስ? የብድር ወለድስ? ሒሳቡን የሚመረምረው ኦዲተር በማን ይመረጣል? ሻጩ መዝገቡን የማየት መብት አለው? ገዢው ፋብሪካውን በመሀል ለሦስተኛ ወገን ቢሸጥ 30 ሚሊዮኑ ምን ይሆናል?

እያንዳንዱ አንቀጽ ደግሞ ተመልሶ ቁጥሩን ይነካል። ሻጩ መዝገብ የማየት መብት ካጣ ያመነበት 80 በመቶ ወደ 50 ይወርዳል፤ ያኔ ያ ተጨማሪ ክፍያ ለእሱ 24 ሚሊዮን መሆኑ ቀርቶ 15 ሚሊዮን ይሆናል፤ ድምሩ 95 ነው፤ አይሸጥም። አንድ የመዝገብ ምርመራ አንቀጽ 9 ሚሊዮን ብር አወጣ ማለት ነው። ይህን ግንኙነት በሁለት የተለያዩ ፎቆች ከተቀመጡ መምህራን መማር ይከብዳል። ጥምር ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ትምህርቱ በየት በየት ይሰጣል?

በአሜሪካ የተለመደው መንገድ ጄዲ እና ኤምቢኤን አጣምሮ መያዝ ነው። ጄዲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሦስት ዓመት የሚፈጅ የሕግ ዲግሪ ነው፤ ኤምቢኤ ደግሞ ሁለት ዓመት የሚወስድ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ። ለየብቻ ቢወሰዱ አምስት ዓመት ይሆናሉ። ጥምሩ ግን በአብዛኛው አራት ዓመት ነው። ዓመቱ የሚቀነሰው ክሬዲት በመጋራት ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ለጄዲ ቢያንስ 83 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ከ24 ወር በፊት መጨረስም ከ84 ወር በላይ መቆየትም አይፈቅድም። በዚህ ክልል ውስጥ ትምህርት ቤቱ ከቢዝነስ ኮርሶች የተወሰኑትን ለሕጉ ዲግሪ ይቆጥራል፤ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ከሕግ ኮርሶች ይቆጥራል።

የሃርቫርድ ጥምር መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ ሲሆን አራት ዓመት ይፈጃል። አመልካቹ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ለየብቻ ተወዳድሮ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ተቀብሎት ሌላው ሊመልሰው ይችላል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፋይናንስ ትምህርት ስሙ ከሚነሣው ዋርተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 የሦስት ዓመት ጥምር ጀመረ። ተማሪው የመጀመሪያውን ዓመት በሕግ ያሳልፋል፤ ክረምቱን ለዚሁ መርሐ ግብር በተዘጋጁ የሕግና የቢዝነስ ኮርሶች ይይዛል፤ ቀሪውን ሁለት ዓመት እያፈራረቀ ይማራል። ኖርዝዌስተርንና የልም በሦስት ዓመት የሚያልቅ ጥምር አላቸው። የሦስት ዓመቱ ጥምር ጉልበት ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ የሚያሳጣው ክረምትን ነው፤ በአሜሪካ ሥራ የሚገኘው ደግሞ በክረምት ልምምድ ነው።

ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚፈለገው ፈተና ኤልሳት ሲሆን ነጥቡ ከ120 እስከ 180 ነው። ለቢዝነስ ጂማት ወይም ጂአርኢ ይፈለጋል። ጂአርኢን የሚቀበሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ስለበዙ በአንድ ፈተና ሁለቱንም በር ማንኳኳት የሚቻልበት ቦታ አለ።

በእንግሊዝ ያለው መንገድ አጭር ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲና የሰኢድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሕግና ፋይናንስ» የተባለ የማስተርስ ዲግሪ በጋራ ጀመሩ። ዲግሪው በአንድ የትምህርት ዓመት ያልቃል። የሚገባበት አስቀድሞ ሕግ የተማረ ሰው ነው፤ የፋይናንስ ምጣኔ ሀብት መሠረት፣ ፋይናንስ፣ እንዲሁም የኩባንያ ግብይቶችን ሕግና ምጣኔ ሀብት አንድ ላይ የሚያይ ኮርስ ይወስዳል። ከላይ የሠራነው የውኃ ፋብሪካ ዓይነት ጥያቄ ቤቱ በዚህ ሦስተኛ ኮርስ ውስጥ ነው። ይህ ዲግሪ ግን በእንግሊዝ የጥብቅና ፈቃድ አያሰጥም።

በጀርመን የጎተ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በፍራንክፈርት የሕግና ፋይናንስ ተቋም አቁሟል። የኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ፋይናንስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ከሕግ ምሩቃን ሌላ የቢዝነስና የምጣኔ ሀብት ምሩቃንንም ይቀበላል። ከተማዋ ለዚህ መመረጧ አይገርምም፤ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መቀመጫ ናት።

በኢትዮጵያ አምስት ዓመት ተምሮ ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) የያዘ ሰው አሜሪካ ሄዶ ጄዲን ከሀ መጀመር ግዴታው አይደለም። ኒው ዮርክ በሌላ አገር ሕግ የተማረ ሰው ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለውን ኤልኤልኤም እዚያ ተምሮ የጥብቅና ፈተና እንዲወስድ የሚፈቅድ ደንብ አላት። ብቁ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ግን የፈተና ቦርዱ ነውና ሰነድን አስቀድሞ አስመርምሮ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

ሒሳቡ ሲሠራ

በታዋቂዎቹ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ቤት ኪራይና ምግብ በዚያ ላይ ይመጣል። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን ያልተሠራበትን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በትልልቆቹ የኒው ዮርክ የሕግ ድርጅቶች የአዲስ ጠበቃ የዓመት ደመወዝ 225 ሺህ ዶላር ነበር። እዚያ ሊቀጠር ለሚችል ሰው አራተኛው ዓመት 70 ሺህ ከኪሱ፣ 225 ሺህ ደግሞ ሊያገኘው ከሚችለው ያስቀርበታል፤ ታክስ ሳይነሣ 295 ሺህ ዶላር ነው። በእነዚህ ድርጅቶች ደመወዝ በአብዛኛው የሚሰፈረው ከሕግ ትምህርት ቤት በተመረቁበት ዓመት ስለሆነ ሁለተኛው ዲግሪ በራሱ ደመወዝ ይጨምራል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ተጨማሪው ዓመት የሚመለሰው ወደፊት በሚከፈት በር ነው፤ በሩ ካልተከፈተ አይመለስም።

የብድሩ ሁኔታም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርቱን ወጪ እስከ መሙላት ይሰጥ የነበረውን የፌዴራል ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዘግቷል። ሕግ ለሚማሩ የቀረው የፌዴራል ብድር ጣሪያ በዓመት 50 ሺህ፣ በድምሩ 200 ሺህ ዶላር ሆኗል። እንደ ኤምቢኤ ላሉት ዲግሪዎች ደግሞ በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100 ሺህ ዶላር ነው። ጥምር ዲግሪ የሚይዝ ሰው በየትኛው ዓመት በየትኛው ጣሪያ ሥር እንደሚወድቅ ከማመልከቱ በፊት ለትምህርት ቤቱ የፋይናንስ ድጋፍ ቢሮ ጽፎ ይጠይቅ፤ የቃል መልስ አይበቃም። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው ከዚህ ብድር ጭራሽ ተጠቃሚ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለውና ጥገኝነት ያገኘ ግን ይችላል።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ሌላም ጉዳይ አለ። ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ልምምድ ፈቃድ አንድ ዓመት ነው፤ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ለተመደበ ዲግሪ ሌላ 24 ወር ይታከላል። ጄዲ በዚህ ምድብ ውስጥ የለም፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ግን ኤምቢኤያቸውን ወይም የፋይናንስ ማስተርሳቸውን እዚያ አስመድበዋል። አንዱን ትምህርት ቤት ከሌላው የሚያስበልጠው አንዳንዴ ይህ ብቻ ይሆናል።

ለማን ይበጃል?

ጥምር ዲግሪ ይዘው ትልቅ ቦታ የደረሱ አሉ። ሚት ሮምኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሃርቫርድ ሁለቱን ዲግሪ ይዘው ወጥተው መጀመሪያ በኢንቨስትመንት፣ ኋላም በፖለቲካ ታወቁ። ብሩስ ዋሰርስቲን ያንኑ ጥምር ጨርሰው በጥብቅና ከጀመሩ በኋላ ኩባንያዎችን በማዋሐድና በማሻሻጥ ሥራ ስማቸው የገነነ የኢንቨስትመንት ባንክ ሰው ሆኑ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር የሆኑት ጄሮም ፓወል የያዙት የሕግ ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክን የመሩት ክሪስቲን ላጋርድም የሕግ ባለሙያ ናቸው። ሁለቱም ገንዘብን የተማሩት በሥራ ላይ ነው። ዲግሪው መንገድ ያሳጥራል እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

የሚበጀው ለማን እንደሆነ በሥራ ዓይነት መናገር ይቀላል። ኩባንያ በሚገዙና በሚሸጡ ድርጅቶች፣ በኢንቨስትመንት ባንክ፣ በዕዳ ሽግሽግና በኪሳራ ጉዳይ፣ በመሠረተ ልማት ፕሮጀክት ብድር፣ በገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው በየቀኑ ከውልና ከቁጥር ጋር አብሮ ይውላል። ለእሱ ትምህርቱ የሥራ መሣሪያ ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ፣ ወንጀል ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለሚይዝ ጠበቃ ግን አይበጅም። ሒሳብ መዝጋትና ግብር ማስተካከል ለሚወድ ሰውም የሕግ ሦስት ዓመት ብክነት ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ፈቃድ ይሻለዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ምን መሥራት እንደሚፈልግ ገና ያልወሰነና ሁለት ዲግሪ ይወስንልኛል ብሎ የሚገባ ተማሪ ነው። የሕግ ድርጅቱ «ይህ ነገ ወደ ባንክ ሊሄድብን ነው» ይላል፤ ባንኩ «ይህ ጠበቃ ነው» ይላል፤ በቃለ መጠይቅ ላይ አንዱን መርጦ መናገር ያልቻለ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

አገር ቤትስ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የአገሪቱ የአክሲዮን ግብይት ገና በጅምር ነበር፤ ያችም ጅምር በደርግ ዘመን ጠፋች። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል የኢትዮጵያ የንግድ ጠበቃ ሥራ በብድር ውል፣ በመያዣ፣ በማኅበር ምሥረታና በክርክር ላይ ያተኮረ ሆኖ ቆየ። የባንክ ነገረ ፈጅ ዋነኛ ጭንቀቱ መያዣውን እንዴት እሸጣለሁ የሚል ነበር።

ይህ በአጭር ጊዜ ተለወጠ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ቀረበ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዶ በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ዜጎችና ተቋማት ጠቅላላ ድርሻ ከ49 በመቶ እንዳያልፍ ገደበ።

ይህ ሁሉ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማየት የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ እንውሰድ። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። 9,900 ብሩን ያወጣው ደሞዝተኛ ከፋይናንስ ሰው የሚፈልገው መልስ አለ። 300 ብር ለዚህ ድርሻ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ትርፍ ክፍፍሉ ከዋጋ ንረቱ ይበልጣል? ከሕግ ሰው የሚፈልገውም አለ። 10 በመቶ ብቻ ለሕዝብ በቀረበበት፣ ቀሪው በመንግሥት እጅ በሆነበት ኩባንያ ውስጥ የትንሹ ባለአክሲዮን ድምፅ ምን ያወጣል? አክሲዮኑን መልሶ መሸጥ የሚችለውስ መቼና የት ነው? የሕጉ ጥያቄ መልስ የፋይናንሱን ይለውጠዋል። መሸጥ የማይቻል አክሲዮን ከሚሸጠው አክሲዮን ያነሰ ዋጋ አለው፤ ድምፅ የሌለው ድርሻም እንዲሁ። ፕሮስፔክተስ ተብሎ ለገዢ የሚቀርበውን የመረጃ ሰነድ የሚጽፍ፣ የሚመረምርና የሚያጸድቅ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች ማያያዝ አለበት።

በአገራችን ብዙ ጠበቆችና ነገረ ፈጆች ኤልኤልቢ ይዘው ኤምቢኤ በማታ ይማራሉ። ይህ ጥምሩን በራስ መሥራት ነው፤ ርካሽም ነው፤ ሥራም አያስለቅቅም። የሚጎድለው ሁለቱን በአንድ ክፍል የሚያገናኘው ኮርስ ነው። የሕጉ መምህር ስለ ዋጋ አያነሣም፤ የፋይናንሱ መምህር አዋጅ አይገልጥም፤ ማገናኘቱ ለደከመው የማታ ተማሪ ይቀራል። የሕግና የቢዝነስ ኮሌጆቻችን አዲስ ዲግሪ እስኪቀረጽ ሳይጠብቁ አንድ የጋራ ኮርስ፣ ሁለት መምህራን በአንድ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩት ኮርስ ቢከፍቱ ከባዱን ግማሽ ሠሩት ማለት ነው። የሕዝብ ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚሸጡ ድርጅቶች በበዙበት በዚህ ጊዜ ይህን ማዘግየት አይገባም።

አንባቢው ለማመልከት እያሰበ ከሆነ ፎርም ከመሙላቱ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ። መጀመሪያ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሠራው የሚፈልገውን ሥራ በስሙ ጠርቶ ይጻፍ። «ቢዝነስ» ወይም «ሕግ» አይበቃም፤ «የዕዳ ሽግሽግ አማካሪ» ወይም «የገበያ ተቆጣጣሪ» ይበል። ሁለተኛ፣ ያን ሥራ ዛሬ የሚሠሩ ሰዎችን ፈልጎ የትኛውን ዲግሪ እንደያዙና የትኛውን በሥራ ላይ እንደተማሩት ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ አንድ ፕሮስፔክተስ ወይም የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት አግኝቶ ከሌላው ሙያ ከሆነ ጓደኛው ጋር ከዳር እስከ ዳር ያንብብ። ንባቡ ከሰለቸው ጥምር ዲግሪው ይቅርበት፤ ገንዘቡንም ዓመቶቹንም ይቆጥብ። እያነበበ የሌላውን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ከጀመረ ግን ያመልክት።